ባለ ሦስት እግርን ብቻ የሚከለክል ታፔላ፦ ወረቀቱን እንዴት ላውጣው?

ባለክራንቹ

እንዴት ናችሁ የጎንደር ልጆች። ነገሩን ልንገራችሁና ምክር ስጡኝ።

ፒያሳ አካባቢ ሞባይል እጠግናለሁ። በልጅነቴ ፖሊዮ ስለያዘኝ የምሄደው በክራንች ነው። የምነዳው ለአካል ጉዳተኛ የተስተካከለች ባለ ሦስት እግር ሞተር ናት። ሱቄ በር ላይ አቆማትና እገባለሁ። ለዓመታት ማንም ጠይቆኝ አያውቅም።

ከክረምቱ ወዲህ መንገዱ ጫፍ ላይ ታፔላ ተተክሏል። «ባለ ሦስት እግር ተሽከርካሪ ማቆም ክልክል ነው» ይላል። ሰዓት የለው፣ የመመሪያ ቁጥር የለው፣ ያወጣው አካል ስም የለው። ከታፔላው ሥር የቤት መኪና ጠዋት ቆሞ ማታ ይነሳል። የመንግሥት መኪናው ኮድ 4ም እንደዚያው። ሾፌሩ ወንበሩን አጋድሞ ይተኛል፣ ዝንቡን እሽ የሚለው የለም። ባጃጅ ግን ሰው ለማውረድ ቆም ካለች ደንብ አስከባሪዎች ይከቧታል። የእኔዋም ሦስት እግር ስላላት ከባጃጅ ተቆጠረች። ተቀጥቻለሁ፤ ደረሰኙ አለኝ።

ከታች ካቆምኳት ዳገቱን በክራንች መውጣት ነው። ዝናብ የነካው ኮብልስቶን ላይ ክራንች እንዴት እንደሚንሸራተት የሚያውቅ ያውቀዋል።

ደንቦቹን ስጠይቅ «ከላይ የመጣ ነው» አሉኝ። ላይ ወጣሁ፤ «የኮሪደር ልማት ነው» ተባልኩ። ኮሪደር ሥራ ላይ ያሉትን ጠየቅኩ፤ «እኛ ታፔላ አልተከልንም»። የትኛው ጽሕፈት ቤት እንደሆነ እዚህ አልጠራም።

አሁን ያሰብኩት ክርክሩን ትቼ ወረቀቱን መጠየቅ ነው። ይህን ማን ወሰነ፣ መቼ፣ በየትኛው ሰነድ? መረጃ የማግኘት አዋጅ አለ ሲባል እሰማለሁ። የሞከረ አለ? ምን ብዬ ልጻፍ፣ ለማን?

ፋሲል_ቀይ

ኧረ ባክህ ወንድሜ። መታወቂያ ለማደስ ደጅ በሚጠናበት አገር ቃለ ጉባኤ ሊሰጡህ? ታፔላውን ሌሊት መንቀል ይቀላል። (ቀልድ ነው አወያይ፣ እንዳታጠፋኝ።)

አወያይ

አይጠፋም። ሁለተኛ ግን አይደገም። የመሥሪያ ቤትም የሰውም ስም አትጥሩ።

ሰማያዊቷ

እኔ ባጃጅ ነጂ ነኝ። መንገዱን አውቀዋለሁ። እኛ ስብሰባ ተጠርተን ነው የተነገረን። «ከዛሬ ጀምሮ በዚህ አትቆሙም» ተባለ፣ ተጨበጨበ፣ ተበተንን። ማን እንዳጨበጨበ እስካሁን አልገባኝም። የተጻፈ ነገር አላየንም።

እኔ ቆሜ ልጠብቅ አላልኩም። ከቅዳሜ ገበያ ጤፍ የያዘች እናት አውርጄ ልሂድ ነው ያልኩት። ኩንታሉን ሳወርድ ታርጋዬ ተፈታ። ከፊቴ የቆመው ቪትዝ ባለቤቱ ማኪያቶ ይጠጣል።

ማራኪ_ጠበቃ

ባለክራንቹ፣ ያሰብከው መንገድ ትክክል ነው። መነሻህ አዋጅ ቁጥር 590/2000 ነው፤ የመገናኛ ብዙኃንና የመረጃ ነፃነት አዋጅ። የመገናኛ ብዙኃኑን ጉዳይ በ2013 የወጣው አዋጅ ቁጥር 1238 ወስዶታል። መረጃ ስለማግኘት የሚናገረው ክፍል ግን አልተሻረም። «ያ አዋጅ እኮ ተሽሯል» የሚል ሰው አይጠፋም፤ ግማሹን ሰምቶ ነው።

አዋጁ መብቱን የሰጠው ለማንኛውም ሰው ነው። በየትኛውም እርከን ያለ የመንግሥት አካልን ይመለከታል፣ ክልልም ከተማም አይቀርም። ጥያቄው የሚቀርበው ለሕዝብ ግንኙነት ኃላፊው ነው። መልስ በ30 ቀን ውስጥ መሰጠት አለበት። በቂ ምክንያት ካለ ሌላ 30 ቀን ሊራዘም ይችላል። እምቢ ካሉ በጽሑፍ፣ ከነምክንያቱ። ከዚያ ይግባኝህ ለመሥሪያ ቤቱ የበላይ ኃላፊ ነው፣ ቀጥሎ ለሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም፣ በመጨረሻ ፍርድ ቤት። እንባ ጠባቂ ባሕር ዳር ላይ ቅርንጫፍ አለው፤ አዲስ አበባ ድረስ አትንከራተት።

ይህ አዋጅ ለምን እንደሚያስፈልግህም ልንገርህ። የክልሉ አዋጆችና ደንቦች ዝክረ ሕግ በሚባለው የሕግ ጋዜጣው ላይ ይታተማሉ፣ ፈልጎ ማንበብ ይቻላል። መመሪያና የስብሰባ ውሳኔ ግን መሳቢያ ውስጥ ነው የሚኖረው። ፓርኪንግ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የሚወሰነው በመሳቢያ ወረቀት ነው። አንዳንዴ ያለ ወረቀት።

ሕግ_ሦስተኛ_ዓመት

እህቴ፣ የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጁስ? በ1183/2012 መሠረት ያልተመዘገበና በድረ ገጽ ያልወጣ መመሪያ ተፈጻሚ አይሆንም። በዚያ ብቻ ታፔላው ውድቅ ነው።

ማራኪ_ጠበቃ

እሱ የፌዴራል ነው። የሚመለከተው የፌዴራል መሥሪያ ቤቶችን እንዲሁም አዲስ አበባንና ድሬዳዋን ነው። ጎንደር ላይ ይዘኸው ብትቀርብ ገና መግቢያው ላይ ይመልሱሃል። ሐሳቡን ለመከራከሪያ መጥቀስ ትችላለህ፣ መሠረት ግን አታድርገው።

ኮድ_ሁለት

ሌላውንም ወገን ስሙ እንጂ። እኔ የቤት መኪና አለኝ፣ በዚያ መንገድ አልፋለሁ። ባጃጆች ድሮ በሁለት ረድፍ ቆመው ነበር። አምቡላንስ ጥሩምባ እየነፋ ሲቆም በዓይኔ አይቻለሁ። የጣሊያን ጊዜ መንገድ ነው፣ ሰፊ አይደለም። ከታፔላው ወዲህ ተንፍሷል። ለባለክራንቹ አዝናለሁ፣ ልዩ ፈቃድ ይሰጠው። ለሌላው ግን ክልከላው ልክ ነው።

ሰማያዊቷ

መንገዱ ከጠበበ ለሁሉም ነው የሚጠበው። ያንተ መኪና ከእኔ ባጃጅ ትሰፋለች።

ኮድ_ሁለት

እኔ ግን ሃያ ሆኜ አልሰለፍም።

ባለክራንቹ

ኮድ ሁለት፣ ያልከውን አልክድም። መጨናነቅ ነበር። ግን ምክንያቱ እሱ ከሆነ የሆነ ቦታ ተጽፎ መቀመጥ አለበት። ሰው ልኮ መንገዱን ያስጠና፣ መኪና የቆጠረ ካለ ወረቀቱ ይውጣ። ልዩ ፈቃድ ስላልከው፣ በር ላይ ለመቆም በየጊዜው ደብዳቤ ይዤ መለመን አልፈልግም።

ጡረተኛ_መዝገብ_ቤት

ልጄ፣ እኔ ዕድሜዬን የጨረስኩት መዝገብ ቤት ነው። ደብዳቤ ሲገባም ሲጠፋም አይቻለሁ። ሕጉን እህታችን ነግራሃለች፣ እኔ ደግሞ የቤቱን ነገር ልንገርህ።

ማመልከቻህን ይዘህ ቀጥታ ኃላፊ ቢሮ አትግባ። ከገባህ «አንብቤዋለሁ፣ እናየዋለን» ብሎ ይመልስልሃል፣ አንተም ደስ ብሎህ ትወጣለህ፣ ደብዳቤው ግን የትም አልተመዘገበም። መጀመሪያ መዝገብ ቤት ሂድ። ሁለት ኮፒ ያዝ። አንዱን ገቢ አድርገው መዝገቡ ላይ ቁጥር ይሰጡታል። ያንኑ ቁጥርና ቀን በአንተ ኮፒ ላይ አስጽፈህ፣ ማህተም አስመትተህ፣ ፊርማ ተቀበል። እህታችን ያለችው 30 ቀን የሚቆጠረው ከዚያ ነው። ያለዚያ ቁጥር አንተ ማመልከቻ አላቀረብክም።

ደብዳቤው አንድ ገጽ ይሁን። ሁለተኛ ገጽ የሚነበበው ስድብ ካለበት ብቻ ነው። የምትፈልገውን በቁጥር ዘርዝር። «ለምን ታፔላ ተተከለ?» ብለህ አትጻፍ። ለምን ላልከው ሰው ንግግር ይሰጥሃል። «የተወሰነበት ቃለ ጉባኤ ኮፒ ይሰጠኝ» ብትለው ግን ወይ ፋይሉን ያወጣል፣ ወይ የለም ይልሃል። ሦስተኛ ነገር የለውም።

ፋሲል_ቀይ

እትዬ፣ እርስዎ ባሉበት ዘመን ባመለከትኩ ኖሮ።

ባለክራንቹ

እትዬ እግዜር ይስጥልኝ። እንደነገሩኝ አርቅቄዋለሁ፣ እዩልኝ፦

«ለ… ጽሕፈት ቤት፣ ለሕዝብ ግንኙነት ኃላፊ። ጉዳዩ፦ የመረጃ ጥያቄ ማቅረብን ይመለከታል። በአዋጅ ቁጥር 590/2000 መሠረት የሚከተሉት ሰነዶች ኮፒ እንዲሰጠኝ እጠይቃለሁ።

1ኛ፦ በተጠቀሰው መንገድ ባለ ሦስት እግር ተሽከርካሪ እንዳይቆም የተወሰነበት ቃለ ጉባኤ ወይም የትእዛዝ ደብዳቤ።
2ኛ፦ ውሳኔው የተመሠረተበት መመሪያ።
3ኛ፦ ከውሳኔው በፊት የተሠራ የትራፊክ ጥናት ወይም የቀረበ የነዋሪ አቤቱታ። ከሌለ አለመኖሩ በጽሑፍ ይገለጽልኝ።
4ኛ፦ ታፔላው ከተተከለ ወዲህ በዚህ መንገድ የተቀጡ ተሽከርካሪዎች ዝርዝር፣ በዓይነትና በታርጋ ኮድ።
5ኛ፦ በዚሁ መንገድ እንዲቆሙ ልዩ ፈቃድ የተሰጣቸው ካሉ የፈቃዱ ደብዳቤ።

ለኮፒ የሚጠየቀውን ክፍያ እከፍላለሁ።»

ማራኪ_ጠበቃ

በጣም ጥሩ። 4ኛው ላይ «የባለንብረቶች ስምና ሙሉ የታርጋ ቁጥር ሳይጨምር» በል። የሦስተኛ ወገን የግል መረጃ ከሚከለከሉት ውስጥ ነው፣ ሰበብ አትስጣቸው። አንድ ሰነድ ውስጥ የሚከለከል ነገር ቢኖር እንኳ ቀሪው ተለይቶ መሰጠት አለበት።

ከመረጃው በኋላ ስለሚመጣው አድልዎ ጉዳይም አንድ ነገር ልበል፣ እዚህ ላይ ሰው ይሳሳታል። መንግሥት ተሽከርካሪን በዓይነት ለይቶ መከልከል አይችልም ማለት አይቻልም። ከባድ መኪና ከተማ መሃል እንዳይገባ በሰዓት ይከለከላል፣ ማንም አድልዎ አላለውም። ስለዚህ ሰማያዊቷ ወንድሜ፣ «ባጃጅ ስለሆንኩ ተበደልኩ» የሚለው ብቻውን ፍርድ ቤት ላይ ደካማ ነው። የአንተ ጠንካራ ነጥብ ውሳኔው በጽሑፍ የለም፣ ወይም የተጻፈው ሌላ ነው የሚለው ነው።

የባለክራንቹ ግን ይለያል። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 25 በሕግ ፊት እኩልነትን ሲደነግግ ዝርዝሩን «ወይም በሌላ አቋም» ብሎ ክፍት ነው የተወው። ኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነትን በአዋጅ ቁጥር 676/2002 አጽድቃለች። የስምምነቱ አንቀጽ 9 ተደራሽነትን ይመለከታል፣ መንገድና ትራንስፖርትን ጨምሮ። የጸደቀ ስምምነት ደግሞ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 9 መሠረት የአገሪቱ ሕግ አካል ነው። አንድ ክልከላ አካል ጉዳተኛ ብሎ ስም ባይጠራም ውጤቱ እሱን ከሥራው በር ካራቀው ይጠየቃል።

ሊድስ_ያለሁት

የአባጃሌ ልጅ ነኝ፣ አሁን እንግሊዝ አገር ሊድስ ነው የምኖረው። እዚህ ይህ ነገር የዕለት ተዕለት ሥራ ስለሆነ ትንሽ ላካፍላችሁ።

እዚህ የከተማ ምክር ቤት መንገድ ላይ ማቆም ሲከለክል በ1984 እ.ኤ.አ. በወጣ የመንገድ ትራፊክ ሕግ መሠረት ትእዛዝ ማውጣት አለበት። ረቂቁንና ምክንያቱን ለሕዝብ ያሳውቃል፣ ሰው ተቃውሞ ያስገባል። ከጸደቀ በኋላ ሕጋዊነቱን ለመሞገት ከፍተኛ ፍርድ ቤት መሄጃው ጊዜ ስድስት ሳምንት ብቻ ነው። ያለ ትእዛዝ የተተከለ ታፔላ ላይ የተጻፈ ቅጣት ይሟገቱበታል።

የመረጃ ነፃነት ሕጋቸው የ2000 እ.ኤ.አ. ነው፣ ሥራ ላይ የዋለው በጃንዋሪ 2005። መልስ በ20 የሥራ ቀን። መጠየቅ በነፃ ነው፣ ግን ፍለጋው ለምክር ቤቱ ከ450 ፓውንድ በላይ ያስወጣል ብለው ካሰሉ እምቢ ማለት ይችላሉ። ስለዚህ ሰዉ ጥያቄውን ያጠብባል፦ አንድ መንገድ፣ አንድ ዓመት። እምቢ ካሉ እዚያው ቤት እንደገና እንዲያዩት ትጠይቃለህ፣ ቀጥሎ የመረጃ ጉዳይ ተቆጣጣሪው አካል ጋ።

እዚህ የመኝታ መኪና ያላቸው ሰዎች ባሕር ዳርቻ አካባቢ ሌሊት ማቆም ሲከለከሉ የሚጠይቋት አንዲት ጥያቄ አለች፦ «ከክልከላው በፊት ስንት አቤቱታ ደረሳችሁ? ኮፒውን ስጡን»። ብዙ ጊዜ የሚያሸንፉት በሚሰጣቸው ሰነድ ሳይሆን «እንዲህ ያለ መዝገብ የለንም» በሚለው መልስ ነው። ያንተ 3ኛ ጥያቄ እሷው ናት፣ እንዳታወጣት። በተጓዥነት የሚኖሩ ሮማዎችና አይሪሾችም በ2010 እ.ኤ.አ. የእኩልነት ሕግ እንደ ብሔር ስለሚጠበቁ፣ እነሱን ለማራቅ የተሠራ የሚመስል ክልከላ ሲገጥማቸው በዚህ መንገድ ሰነድ ያወጣሉ።

ለአካል ጉዳተኛ ደግሞ ሰማያዊ ባጅ የሚባል አለ። እሱን መስተዋት ላይ ያስቀመጠ ሰው እንግሊዝ ውስጥ ማቆም በሚከለክል ቢጫ መስመር ላይ አብዛኛውን ጊዜ እስከ ሦስት ሰዓት ለሚደርስ ጊዜ መቆም ይችላል። ደብዳቤ ይዞ የሚለምን የለም።

ፋሲል_ቀይ

አንተ እዚያ በፓውንድ ታስባለህ፣ እኛ እዚህ መብራት ሲመጣ ነው ኮፒ የምናደርገው።

ሊድስ_ያለሁት

መብራቱን ተወው፣ እኔ የኮፒውን እልካለሁ። ደብዳቤው ብቻ ይግባ።

ባለክራንቹ

አዲስ ነገር አለ። ደብዳቤውን ይዤ ሄድኩ። መዝገብ ቤት ያለችው ልጅ አነበበችና «ይህን መቀበል አልችልም፣ መጀመሪያ ኃላፊው ይምሩበት» አለችኝ። ኃላፊው ስብሰባ። በማግስቱም ስብሰባ። መጨረሻ ላይ ኮሪደር ላይ አገኘኋቸው። በጣም ትሁት ሰው ናቸው፣ ትከሻዬን ይዘው «አንተ እኮ የእኛው ልጅ ነህ፣ ደብዳቤ ምን ያደርጋል፣ በቃል እንነጋገር» አሉኝ። ለደንቦቹ እነግርልሃለሁም አሉ።

እውነቱን ልናገር፣ ልቤ ወደዚያ ሄዶ ነበር።

ጡረተኛ_መዝገብ_ቤት

እንዳታደርገው! እሳቸው ነገ ቢዛወሩ ቃላቸው አብሯቸው ይዛወራል። ፒያሳ ፖስታ ቤት ሂድና በአደራ ደብዳቤ ላከው። ደረሰኙ ላይ ቀን አለ፣ ተቀባይም ይፈርማል። የአደራ ደብዳቤ የመጣበት መዝገብ ቤት «አልተመራበትም» ብሎ መመለስ አይችልም። ልጅቷ ላይ አትፍረድ፣ እሷ የምትፈራው ያለ ምሪት የተቀበለችውን ነው።

ሰማያዊቷ

ባለክራንቹ፣ ለአንተ ብቻ ከተፈቀደ እኛ አለቀልን ማለት ነው። ታፔላው ግን እዚያው ይቆማል።

ባለክራንቹ

አውቃለሁ። ለዚያ ነው ፖስታ ቤት የሄድኩት። ልኬዋለሁ።

ደንብ_ነበርኩ

እስካሁን አንብቤ ዝም ብዬ ነበር። ደንብ አስከባሪ ሆኜ ሠርቻለሁ፣ አሁን ትቼዋለሁ። የሌላ አካባቢ ነኝ፣ የእናንተን መንገድ አላውቅም። ግን ለምን ባጃጅ ብቻ እንደምትቀጣ ልንገራችሁ።

ጠዋት ስምሪት ላይ «ይህ መንገድ ይጽዳ» ይባላል። ወረቀት አይሰጠንም። ኮድ 4 ስታስነሳ ሾፌሩ ስልክ ያነሳል፣ ከዚያ ስልኩ ወደ አንተ ይመጣል። የቤት መኪና ባለቤት የት እንዳለ አታውቅም፣ ሲመጣም የማን ዘመድ እንደሆነ አታውቅም። ባጃጅ ነጂ ግን እዚያው ተቀምጧል፣ ዕድሜውም ሃያ ነው፣ ይለምንሃል። ማታ ሪፖርት ላይ ቁጥር ያስፈልጋል። ታዲያ ማንን ትቀጣለህ? በክፋት አይደለም ስል ግን ለማመካኘት አይደለም። የተጻፈ ነገር በኪሴ ቢኖር ኮድ 4ንም «ይኸው» እለው ነበር።

ኮድ_ሁለት

ይህን ከደንብ አፍ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው።

አዘዞ_ጋራዥ

መልስ መጣ? በየቀኑ እየገባሁ አያለሁ።

ባለክራንቹ

መጥቷል! 30 ቀኑ ሊያልቅ ሲል ሕዝብ ግንኙነቱ ራሳቸው ደወሉልኝ። ሄጄ ተቀበልኩ፤ መሸኛ ደብዳቤና የቃለ ጉባኤ ኮፒ።

ኮፒው ዘንበል ብሎ ነው የተነሳው። የመጨረሻው መስመር ግማሹ ተቆርጧል፣ ማህተሙም የፈረሙት ሰዎች ላይ አርፏል። እዚያው ቆሜ «ይህን ደግማችሁ አንሱልኝ» አልኩ። አነሱልኝ። ጥሩ ነው ያልኩት፣ ምክንያቱም የተቆረጠው መስመር ዋናው ነበር።

ቃለ ጉባኤው የሚለው ይህን ነው። በመንገዱ ጥበት ምክንያት ማንኛውም ተሽከርካሪ ከ30 ደቂቃ በላይ እንዳይቆም። ለመጫንና ለማውረድ ማቆም እንዲፈቀድ። የተቆረጠችው መስመር ደግሞ «ለአካል ጉዳተኞች ማቆሚያ ቦታ እንዲለይ» ትላለች። ስለ ባለ ሦስት እግር አንድም ቃል የለም። አንድም!

2ኛውን በተመለከተ መመሪያ አልተያያዘም። 3ኛ፣ «የተሠራ ጥናት በፋይሉ ውስጥ አልተገኘም» ተብሎ በጽሑፍ ተገልጿል። 5ኛ፣ የተሰጠ ልዩ ፈቃድ የለም። 4ኛውን «የግል መረጃ ስለሆነ» ብለው ከልክለዋል።

ማራኪ_ጠበቃ

ልዩ ፈቃድ የለም ማለት እኮ ኮድ 4ም የቆመው ያለ ፈቃድ ነው። ተመልከት፣ ውሳኔው ራሱ አድልዎ የለበትም። አድልዎው የተፈጠረው ከቃለ ጉባኤው እስከ ታፔላው ባለው መንገድ ላይ ነው። ስለዚህ አንተ ውሳኔው ይሰረዝልኝ አትልም፣ ውሳኔው እንደተጻፈው ይፈጸም ነው የምትለው። ከዚያ የሚቀል ጥያቄ የለም፣ ማንም ውሳኔዬን ቀልብሰህብኛል ብሎ አያኮርፍም።

በ4ኛው ላይ ለበላይ ኃላፊው ይግባኝ አስገባ። ስም አልጠየቅክም፣ የዓይነትና የኮድ ድምር ነው የጠየቅከው። በዋናው ጉዳይ ለብቻው ቅሬታ ጻፍ፣ ቃለ ጉባኤውን አባሪ አድርግ። ሁለቱን አትቀላቅል።

ሰማያዊቷ

ለመጫንና ለማውረድ ተፈቅዷል?? እኔ እኮ ኩንታል ሳወርድ ነው የተቀጣሁት! ደረሰኜ አለኝ።

ማራኪ_ጠበቃ

አንተም የራስህን ቅሬታ ጻፍ። በጅምላ ፊርማ አታድርጉት፤ እያንዳንዱ በራሱ ደረሰኝ፣ በራሱ ቀን። ቃለ ጉባኤው ያው ነው፣ ሁላችሁም አያይዙት።

ኮድ_ሁለት

30 ደቂቃው ለእኔም ነው ማለት ነው። ጎሽ፣ ማኪያቶው ቀረ። ግን ፍትሐዊ ነው፣ አልከራከርም።

ባለክራንቹ

ያለንበትን ላሳውቃችሁ። ቅሬታዬ ገቢ ሆኗል፣ ቁጥሩም አለኝ፤ በዚህኛው መዝገብ ቤት ምንም አላስቸገረኝም። ቃለ ጉባኤውን ኮፒ አድርጌ ለሠፈሩ ደንቦችም ሰጠኋቸው። አንዱ አንብቦ አጥፎ ኪሱ ከተተው። ከዚያ ወዲህ እኔን አልነኩኝም፣ ባጃጆችም ሰው ሲያወርዱ ዝም ይባላሉ። ታፔላው ግን ዛሬም ቆሟል። የአካል ጉዳተኛ ቦታ አልተለየም። የተከፈለው ቅጣት ይመለስ ለሚለው መልስ የለም። በ4ኛው ላይ ያስገባሁት ይግባኝም በኃላፊው ጠረጴዛ ላይ ነው፤ ከቀረ ወደ ባሕር ዳር ነው።

ፋሲል_ቀይ

እሺ፣ እኔ ተሸነፍኩ። ያቺን ደብዳቤ ፎቶ አንስተህ ለጥፋት። ሠፈራችን ውስጥ የጋራ መተላለፊያ በአጥር የዘጋ ሰው አለ፣ «ካርታ አለኝ» ይላል። ካርታውን ያየ የለም።

ማራኪ_ጠበቃ

እሱ የግለሰብ ይዞታ ስለሚነካ የሦስተኛ ወገን ጉዳይ ይመጣል። ካርታውን ሳይሆን መተላለፊያው በከተማው ፕላን ላይ እንዴት እንደተቀመጠ የሚያሳየውን ክፍል ኮፒ ጠይቅ።

አዘዞ_ጋራዥ

እኛም ጋ ጋራዥ በር ላይ «ማቆም ክልክል» አለ፣ ቀጥሎ ያለው ሆቴል በር ላይ የለም። ደብዳቤውን የምናስገባው ክፍለ ከተማ ነው ወይስ ከተማ?

ጡረተኛ_መዝገብ_ቤት

የተቀጣህበት ደረሰኝ ራስጌ ላይ የማን ስም አለ? እዚያ አስገባ። የእኛ አይደለም ካሉህ የማን እንደሆነ በደብዳቤ ይጻፉልህ። ሁለት ኮፒ መያዝ አትርሳ፣ ዓርብ ከሰዓት ደግሞ አትሂድ።